የሌክቸር ስላይድ በላቴክ፦ አማርኛው ባዶ ሆኖ ይወጣል፣ ሃንዳውቱም ገጹ በዛ

ጥያቄ፦ ጅሬን ማዶ

ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። እዚህ ጅማ ውስጥ ለአንደኛ ዓመት የኢንጂነሪንግ ተማሪዎች ፕሮባቢሊቲና ስታቲስቲክስ አስተምራለሁ። እስካሁን ስላይዶቼን የማዘጋጀው በፓወርፖይንት ነበር። ቀመር የበዛበት ምዕራፍ ላይ ስደርስ ግን ዝግጅቱ ከማስተማሩ ይበልጥ ያደክመኛል፤ እያንዳንዱን ምልክት በማውዝ እየለቀሙ ማስቀመጥ አንድ ነገር ሆኖ፣ ፋይሉ በመማሪያ ክፍሉ ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት ደግሞ ፎንቱ ተለውጦ፣ መስመሩ ተዛብቶ፣ ሥዕሉ ጽሑፉ ላይ ወጥቶ ማግኘት የዘወትር ነገር ነው። ስለዚህ በዚህ ሴሚስተር ጽሑፍና ቀመር በትእዛዝ ተጽፎ ፒዲኤፍ ወደሚወጣበት ላቴክ፣ በተለይም ለስላይድ ወደተሠራው ቢመር ለመዞር ወስኜ የመጀመሪያዎቹን ምዕራፎች ጽፌያለሁ። ቀመሩ እጅግ አምሮ ወጥቷል፤ የተቸገርሁት በሌላ በኩል ነው።

አንደኛው ችግር አማርኛው ነው። ትምህርቱ የሚሰጠው በእንግሊዝኛ ቢሆንም፣ በየምዕራፉ መጨረሻ ላይ ዋና ዋናዎቹን ቃላት በእንግሊዝኛ፣ በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ ጎን ለጎን የሚያሳይ አንድ ሠንጠረዥ አስገባለሁ፤ ተማሪዎቼ ከልዩ ልዩ አካባቢ የመጡ በመሆናቸው ይህ ሠንጠረዥ ከሌላው ሁሉ ይልቅ የሚፈልጉት ነው። አፋን ኦሮሞው በቁቤ ስለሚጻፍ አላስቸገረኝም። አማርኛውን ግን መጀመሪያ በተለመደው የላቴክ ፕሮግራም፣ በፒዲኤፍ ላቴክ ስሞክረው ፊደሎቹን አላውቃቸውም ብሎ የስህተት መዓት ዘረገፈልኝ። በሰው ምክር ዚላቴክ ወደሚባለው ሌላ የላቴክ ፕሮግራም ለውጬ፣ ዋናው ፎንት አቢሲኒካ የሚባለው የግዕዝ ፎንት እንዲሆን ባዝዘውም፣ ስህተቱ ጠፋ እንጂ የአማርኛው ዓምድ ባዶውን ይወጣል። የሚገርመው፣ ያንኑ የፎንት ትእዛዝ ተራ የጽሑፍ ሰነድ ላይ ስጠቀምበት ፊደሉ አንድም ሳይጎድል ይታያል።

ሁለተኛው የሃንዳውቱ፣ ማለትም ለተማሪ በወረቀት የሚሰጠው የስላይድ ቅጂ፣ ጉዳይ ነው። ነጥቦቹ ቀስ በቀስ እንዲገለጡ ብዬ ፖዝ የሚባለውን ትእዛዝ በየመሐሉ አስገብቻለሁ። ፒዲኤፉን በቴሌግራም ስልክላቸው ተማሪዎቹ ወደ ፎቶ ኮፒ ቤት ወስደው ያሳትሙታል፤ ያን ጊዜ አንዱ ስላይድ በአምስትና በስድስት ገጽ እየተደጋገመ ይወጣና ለወረቀቱ የሚከፍሉት ገንዘብ ከአቅማቸው በላይ ይሆናል።

ከነዚህ ሌላ፣ ይህ ሁሉ ድካም በእውነት ዋጋ ያለው መሆኑን ከእኔ ቀድማችሁ በመንገዱ ያለፋችሁ ብትነግሩኝ ደስ ይለኛል። የማስተምርበት ክፍል መስኮቶቹ መጋረጃ የላቸውም፣ ፕሮጀክተሩም አዲስ አይደለም።

መልስ፦ የኪቶው ሰው

የባዶው ዓምድ ምክንያት ቀላል ነው፤ ብዙ ሰው ግን እዚያው ላይ ቆሞ ተስፋ ይቆርጣል። ላቴክ በአንድ ሰነድ ውስጥ ሦስት የፎንት ቤተሰቦችን ለየብቻ ይይዛል፦ ጫፉ ላይ ሰረዝ ያለው ሴሪፍ፣ ሰረዝ የሌለው ሳንስ፣ እና ለኮድ የሚሆነው የታይፕራይተር ዓይነት። ፎንት በሚመረጥበት ጥቅል፣ በፎንትስፔክ ዋናውን ፎንት ሲለውጡ የሚለወጠው የመጀመሪያው ብቻ ነው። ተራ ሰነድ በሴሪፍ ስለሚጻፍ አቢሲኒካ እዚያ ሠራልዎ፤ ቢመር ግን ሌላ ካላዘዙት በቀር ጽሑፉን ሁሉ በሳንስ ነው የሚያወጣው። ስለዚህ እርስዎ የመረጡት ፎንት በስላይዱ ላይ አንድ ጊዜም አልተጠራም፤ የተጠራው ቢመር ይዞት የመጣው የላቲን ፎንት ነው፣ እሱ ደግሞ የግዕዝ ፊደል የለውም። ዚላቴክ በእንዲህ ያለ ጊዜ ሥራውን አያቋርጥም፤ ፊደሉን ትቶት ያልፍና በሎግ ፋይሉ ውስጥ «ይህ ፊደል በዚህ ፎንት ውስጥ የለም» የሚል መስመር ጽፎ ይቀጥላል። ሎግ ፋይሉን ከፍተው ቢመለከቱት ያንን መስመር በእያንዳንዱ የጠፋ ፊደል ልክ ተደርድሮ ያገኙታል።

መፍትሔው የሳንሱን ፎንት መስጠት ነው፤ ነገር ግን ሰነዱን በሙሉ ለአንድ የግዕዝ ፎንት አሳልፈው እንዳይሰጡት እመክራለሁ። የግዕዝ ፎንት ሁሉ የላቲን ፊደል አብሮት አይመጣም፤ ቢመጣም እንግሊዝኛውና ቁቤው ያማረ ላይሆን ይችላል። የተሻለው መንገድ እንግሊዝኛው በነበረበት እንዲቆይ አድርጎ፣ ለአማርኛ ብቻ የሚያገለግል የራሱ ቤተሰብ መሰየም ነው። በአንድ ሰነድ ብዙ ቋንቋ ለመጻፍ በሚያገለግለው ጥቅል በፖሊግሎሲያ ከሠሩ አማርኛን ሁለተኛ ቋንቋ አድርገው ያስገቡና ለአማርኛው የሳንስ ፎንት ለይተው ይሰጡታል፤ ከዚያ የአማርኛውን ዓምድ በቋንቋው ትእዛዝ ይጠቀልሉታል። መጠቅለሉ ከሰለቸዎ ሉዋላቴክ ወደሚባለው የላቴክ ፕሮግራም ይዙሩና ባቤል የሚባለውን ሌላ የቋንቋ ጥቅል ይጠቀሙ፤ ባቤል ኦንቻር በሚባለው ምርጫው የግዕዝ ፊደል ባየ ቁጥር ፎንቱን ራሱ ይቀይራል፣ እርስዎም ሦስቱንም ቋንቋ እያቀላቀሉ እንደልብዎ መጻፍ ይችላሉ። እንደ እርስዎ ላለ ሠንጠረዥ እኔ የምመርጠው ይህን ሁለተኛውን ነው፤ ከዚላቴክ ትንሽ ይዘገያል፣ መታገሥ ግን ይቻላል።

ስለ ፎንቱ ምርጫም አንድ ነገር ልበል። አቢሲኒካ ለመጽሐፍ ያማረ ፊደል ነው፤ የብራናን የእጅ ጽሕፈት ተከትሎ የተሠራ ስለሆነ ቀጭንና ወፍራም መስመሩ ይለያያል። መጋረጃ በሌለው ክፍል፣ በደከመ ፕሮጀክተር ላይ ግን ቀጭኑ መስመር ይጠፋል፤ ከኋላ የተቀመጠ ተማሪ «ሀ»ን ከ«ሁ»፣ «ለ»ን ከ«ሉ» ለመለየት ዓይኑን ማጥበብ ይኖርበታል። በዚያ ላይ ደማቅ ቅርጽ የለውም፤ ርዕስ በደማቅ ልጻፍ ቢሉ አይሆንልዎትም። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ከቀጭን እስከ በጣም ደማቅ በየደረጃው የተዘጋጀ ነው፤ ለስላይድ እሱን ይጠቀሙ። የግዕዙ ፊደል ከላቲኑ ጋር ጎን ለጎን ሲቆም ከመጠኑ በላይ ገዝፎ ወይም አንሶ ከታየዎት ፎንትስፔክ ውስጥ የመጠን ማስተካከያ አለ፤ በዓይንዎ እያዩ ጥቂት ዝቅ ወይም ከፍ ያድርጉት።

አማርኛውን ግራና ቀኝ እኩል ለማስተካከል አይሞክሩ። ቢመር ቀኙን ጠርዝ ሳያስተካክል ይተወዋል፤ ለእኛ ቋንቋ የሚስማማውም ይኸው ነው፤ ምክንያቱም የአማርኛ ቃል ቅድመ ቅጥያውንና ድኅረ ቅጥያውን ተሸክሞ ስለሚረዝም፣ በመስመር መጨረሻም ሰብረን ስለማንጽፈው፣ ጠባብ ዓምድ ውስጥ በግድ እኩል ሲደረግ በቃላቱ መካከል ሰፋፊ ክፍተት ይፈጠራል። አራት ነጥቡንም ሁለት ሁለት ነጥብ እየደረደሩ ሳይሆን ከኪቦርዱ ላይ ራሱን አራት ነጥቡን ይጻፉ፤ አለበለዚያ በመካከሉ ክፍተት ይታይበታል፣ ፒዲኤፉ ውስጥ ቃል ሲፈለግም ያደናቅፋል።

ወደ ሃንዳውቱ ልምጣ። ቢመር ለዚህ ጉዳይ የተዘጋጀ ምርጫ አለው፤ በሰነዱ የመጀመሪያ መስመር፣ ቢመር የሚለው ስም ከመጻፉ በፊት በሚገኘው ቅንፍ ውስጥ ሃንዳውት ብለው ሲያስገቡ፣ ፖዝ ያለበት ስላይድ ሁሉ ተጠቃሎ አንድ ገጽ ይሆናል። ቀጥሎ ፒጂኤፍ ፔጅስ የሚባለውን ጥቅል ጨምረው አራት ስላይድ በአንድ ኤ4 ወረቀት ላይ በአግድም እንዲቀመጥ ያዛሉ። ይህን ብቻ ካደረጉ የተማሪው ወጪ ወደ ትንሽ ይወርዳል። አንድ ወጥመድ ግን አለበት፤ በስላይዱ ላይ አንዱ ሥዕል ጠፍቶ በቦታው ሌላ የሚተካበት ትእዛዝ ካለ፣ በሃንዳውቱ ላይ ሁለቱም ሥዕሎች አንድ ላይ ይወጣሉ፤ ተደራርበውም ገጹን ያጨናንቁታል። በወረቀቱ ላይ እንዳይወጣ የሚፈልጉትን ሥዕል፣ በስንተኛው ገለጣ እንደሚታይ በሚያመለክተው የተራ ቁጥር ምልክት ውስጥ ከቁም መስመር (|) ቀጥለው ለሃንዳውት ዜሮ ብለው ያመልክቱት።

ሁለቱን ለማውጣት በየጊዜው ፋይሉን እየከፈቱ የመጀመሪያውን መስመር መለዋወጥ አያስፈልግዎትም። የምዕራፉን ይዘት በአንድ ፋይል ያኑሩ፤ ከዚያ ሁለት አጫጭር ፋይሎች ያዘጋጁ፣ አንዱ ለፕሮጀክተር፣ ሌላው ለሃንዳውት፣ ሁለቱም ያንኑ የይዘት ፋይል የሚጠሩ ይሁኑ። ስህተት ሲያርሙ በአንድ ቦታ ያርማሉ፤ ክፍል ውስጥ የሚታየውና ተማሪው እጅ የሚገባው ከዚያ በኋላ አይለያይም። «ዋጋ አለው ወይ» ላሉት የእኔ መልስ ይኸው ነው። ቀመሩ ማማሩ ጥሩ ነው፤ ላቴክን ከፓወርፖይንት የምመርጥበት ምክንያት ግን ከአንድ ምንጭ ለክፍሉም ለወረቀቱም የሚሆነውን ማውጣት መቻሉ ነው። እንዲያውም ሦስተኛ አጭር ፋይል ጨምረው ቢመር አርቲክል በሚባለው ጥቅል ያንኑ ይዘት እንደ ሞጁል በሙሉ ገጽ ማውጣት ይቻላል፤ በስላይዱ ላይ የማይታየውን ሰፊ ማብራሪያ ለአርቲክል ብቻ ብለው ምልክት ያደርጉበትና በዚያው ፋይል ውስጥ ይጽፉታል።

መልስ፦ ነጭ ጋውን

የቀደሙኝ መምህር የጻፉት ትክክል ነው፤ ነገር ግን ነገሩ ሌላ ገጽታም ስላለው በጤናው በኩል የሚያስተምር ሰው የሚያየውን ልጨምር። የእኔ ስላይድ በአብዛኛው ሥዕል ነው፦ የኅብረ ሕዋስ ፎቶ፣ የራጅ ምስል፣ ቀስት የተሰካበት የሰውነት ክፍል። ቀስቱን ሁለት ሚሊ ሜትር ወደ ግራ ለመሳብ በፓወርፖይንት ማውዙን መጎተት ይበቃኛል፤ በላቴክ ግን ቁጥር ለውጦ፣ ኮምፓይል አድርጎ (ምንጩን ወደ ፒዲኤፍ ቀይሮ)፣ አይቶ፣ እንደገና ቁጥር መለወጥ ነው። እንዲህ ላለው ሥራ ቢመርን አልመክርም። ደግሞም አንድን ኮርስ ለብዙ መምህራን ሆነን በምናስተምርበት ቦታ፣ አንዱ ብቻ በላቴክ ቢጽፍ ሌሎቹ ስላይዱን ሊያርሙ አይችሉም፤ እሱ ለትምህርት ውጭ አገር ሲሄድ የሚቀረው ማንም የማይከፍተው ምንጭና ማንም የማያርመው ፒዲኤፍ ነው። ጠያቂው ኮርሱን ከሌሎች ጋር የሚጋሩ ከሆነ ይህን አስቀድመው ከባልደረቦችዎ ጋር ይነጋገሩበት።

የስታቲስቲክስ ስላይድን በተመለከተ ግን ሌላ ሥጋት አለኝ። በፓወርፖይንት ቀመር መጻፍ አድካሚ በመሆኑ መምህሩ ሳይወድ በግዱ ይቆጥባል፤ በላቴክ ደግሞ ቀመር መጻፍ እንደ ውኃ ስለሚወርድ የአንድን ቲዎረም ማረጋገጫ ከላይ እስከ ታች አሥራ ሁለት መስመር አድርጎ በአንድ ስላይድ ላይ ማፍሰስ ቀላል ነው። ስላይዱ ያምራል፤ ተማሪው ግን መምህሩ የሚያነበውን ለመከተል ጊዜ አያገኝም። ማረጋገጫ በሰሌዳ ላይ በጠመኔ ቢሠራ ይሻላል፤ የእጁ ፍጥነት የተማሪውን የመገልበጥ ፍጥነት ይጠብቃል፣ የት ላይ እንደ ተደናገሩም ከፊታቸው ይታያል። በስላይዱ ላይ የቲዎረሙ ቃል፣ አንድ ሥዕልና ውጤቱ ይበቃል።

አልገባ ያለውን ጽሑፍ ለማስገባት ሽሪንክ የሚባለውን ምርጫ የሚጠቀሙ ሰዎች አሉ፤ ፊደሉን እያሳነሰ የመጣውን ሁሉ ያጭቃል። የቢመር መመሪያ ራሱ ከዚህ አጥብቆ ያስጠነቅቃል፤ እኔም ተማሪ ሳለሁ ከኋላ ወንበር እንዲህ ያለ ስላይድ ሲታየኝ ደብተሬን እዘጋ ነበር።

ጅሬን ማዶ (ጠያቂ)

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። የሳንሱን ፎንት ስሰጠው አማርኛው ወዲያውኑ ታየ፤ አሁን በሉዋላቴክና በባቤል እየሠራሁ ነው። ሃንዳውቱም ተስተካክሏል። ነጭ ጋውን፣ ስለ ማረጋገጫው ያሉትን እቀበላለሁ፤ የማዕከላዊ ገደብ ቲዎረምን ማረጋገጫ ከስላይዱ አውጥቼ ለሞጁሉ ብቻ በሚለው ምልክት ውስጥ አስገብቼዋለሁ፣ በክፍል ውስጥ ሥዕሉን ብቻ አሳያለሁ። ኮርሱን የምንሰጠው ሦስት መምህራን ነን፤ ከሁለቱ አንዱ ላቴክ ይችላል።

አሁን የቀሩኝ ሌሎች ነገሮች ናቸው። ቤት ውስጥ ኢንተርኔቴ አስተማማኝ ስላልሆነ ጥቅል ለማውረድ በሞከርሁ ቁጥር መሐል ላይ ይቆማል፤ በኢንተርኔት ላይ ላቴክ የሚሠራበት ኦቨርሊፍም ካምፓስ ውስጥ ካልሆንሁ አይከፈትልኝም። ስላይዱ ሲበዛም ኮምፓይል ማድረጉ በጣም ዘገየ። በመጨረሻም አር የሚባለው የስታቲስቲክስ ፕሮግራም ኮድ ያለበት ስላይድ ላይ ስደርስ ምንነቱ የማይገባ ስህተት ያወጣል፤ ኮዱን ሳወጣው ስህተቱ ይጠፋል።

መልስ፦ ሄርማታ

የኮምፒውተር ላብራቶሪ ውስጥ የምሠራ ነኝ፤ እንዲህ ያለው ጥያቄ በየሳምንቱ ይመጣል። ከኮዱ ልጀምር፣ አጭር ስለሆነ። ቢመር አንድን ስላይድ ወደ ውጭ ከማውጣቱ በፊት ይዘቱን በሙሉ አንድ ጊዜ ሰብስቦ ያነበዋል፤ ኮድ ግን እንዳለ፣ ምልክቱ ሳይተረጎም መታየት ስላለበት ይህ አነባበብ ያበላሸዋል። ኮድ ባለበት ስላይድ ላይ ብቻ ፍራጃይል የሚለውን ምርጫ ያስገቡ። ያን አድርገውም ካልሠራ የስላይዱን መዝጊያ መስመር ይመልከቱ፤ መዝጊያው ከፊቱም ከኋላውም ምንም ሳይኖር ለብቻው በአንድ መስመር ላይ መቆም አለበት። አብዛኛው «ፍራጃይልም አልሠራልኝም» የሚል ሰው ችግሩ እዚያች መስመር ላይ ነው።

ስለ ኢንተርኔቱ፦ እርስዎ እየተጠቀሙ ያሉት ሚክቴክ የሚባለውን የላቴክ ስብስብ ይመስለኛል። ሚክቴክ መጀመሪያ ጥቂቱን ይጭንና የጎደለውን ጥቅል በሚያስፈልግበት ሰዓት ከኢንተርኔት ያወርዳል፤ መስመሩ በማይቋረጥበት አገር ጥሩ ሐሳብ ነው። ለእኛ የሚሻለው ቴክ ላይቭ የሚባለው ሌላው ስብስብ ነው። በየዓመቱ አዲስ እትም ይወጣል፣ ሙሉው ስብስብ በአንድ የዲስክ ምስል ፋይል ውስጥ ይገኛል፤ በርካታ ጊጋባይት ስለሆነ ግን ቤት ሆኖ ለማውረድ መሞከር ጊዜ ማባከን ነው። ካምፓስ ውስጥ መስመሩ ፈጣን በሚሆንበት በሌሊት ወይም በማለዳ አንድ ሰው ያውርደውና በፍላሽ ወይም በሃርድ ዲስክ ይቀባበሉት። ፍላሹን ሲያዘጋጁ አንድ ነገር ያስታውሱ፤ ፋት 32 በሚባለው አሠራር የተዘጋጀ ፍላሽ ከ4 ጊጋባይት የሚበልጥ ነጠላ ፋይል አይቀበልም፣ ስለዚህ አስቀድመው ኤክስፋት ያድርጉት። አንዴ ከተጫነ በኋላ ባቤሉም፣ ፒጂኤፍ ፔጅሱም፣ ቢመር አርቲክሉም ሁሉም እዚያው ናቸው፤ የኢንተርኔት ጥያቄ አይነሣም። የኖቶ ፎንቱን ፋይል ደግሞ ከፕሮጀክቱ ጋር በአንድ ፎልደር ያስቀምጡትና በፋይል ስሙ ይጥሩት፤ ያን ካደረጉ በባልደረባዎ ላፕቶፕ ላይ ፎንቱ ባይጫንም ይሠራል፣ ወደ ኦቨርሊፍ ሲጫንም አብሮ ይሄዳል። ኦቨርሊፍ ላይ ሉዋላቴክን ከቅንብሩ ውስጥ መምረጥ እንዳይረሱ፤ ነጻው አገልግሎት ለኮምፓይል የሚሰጠው ጊዜ የተገደበ በመሆኑ ሰፊ ስላይድ ከሆነ ምዕራፍ በምዕራፍ ይከፋፍሉት።

መዘግየቱን በተመለከተ የመጀመሪያው ተጠያቂ ፖዝ ነው፤ ስድስት ጊዜ የሚገለጥ ስላይድ ስድስት ገጽ ሆኖ ስድስት ጊዜ ይሠራል። ስለዚህ እየጻፉ ሳለ የሃንዳውቱን ፋይል ብቻ ኮምፓይል ያድርጉ፤ የፕሮጀክተሩን መጨረሻ ላይ ያውጡት። አንዷን ስላይድ ብቻ እየነካኩ ከሆነም ለዚያች ስላይድ መለያ ስም ሰጥተው እሷን ብቻ አውጣ ብሎ ማዘዝ ይቻላል። ሁለተኛው ተጠያቂ ሥዕሉ ነው። ሂስቶግራምን በሺህ በሚቆጠር መረጃ ግራፍ በሚሥለው የላቴክ ጥቅል፣ በፒጂኤፍ ፕሎትስ ውስጥ ማሠራት ኮምፒውተሩን ያንገላታዋል፤ አር እያለልዎ ግራፉን እዚያው ሠርተው በፒዲኤፍ ያስቀምጡና እንደ ሥዕል ያስገቡት። የስክሪን ፎቶ ግን አያስገቡ፤ ሲሰፋ ይደበዝዛል፣ የፋይሉንም መጠን ያሳብጣል፣ ያን ደግሞ በቴሌግራም በዳታ የሚያወርደው ተማሪ ነው የሚከፍለው። የገጹ ጠቅላላ ቁጥርና ማውጫው ካልተስተካከለ ደግሞ አትደንግጡ፤ ሁለት ጊዜ ኮምፓይል ሲደረግ ይገባል።

ፕሮጀክተሩን ማንም አላነሣውም። ቢመር ካልታዘዘ በቀር ስላይዱን 128 ሚሊ ሜትር በ96 አድርጎ ነው የሚያወጣው፣ ማለትም 4 በ3፤ ለአሮጌ ፕሮጀክተር ልክ ነው። አዲሱ ሰፊ ፕሮጀክተር ወይም ቴሌቪዥን ያለበት ክፍል ከሆነ 16 በ9 የሚለውን ምርጫ ይስጡት፣ ያን ጊዜ 160 በ90 ይሆናል። ምርጫውን ምዕራፎቹ ሁሉ ተጽፈው ካለቁ በኋላ መለወጥ ግን ሠንጠረዡን ሁሉ እንደገና ማስተካከል ይሆናልና ሴሚስተሩ ሳይጀመር ክፍሉን ሄደው ይመልከቱት። መጋረጃ በሌለበት ክፍል ነጭ መደብ ላይ ጥቁር ጽሑፍ እንጂ ጥቁር መደብ አይሞከርም። በከተሞች ስም ከተሰየሙት የቢመር ገጽታዎች መካከል እንደ በርሊንና ዋርሶ ያሉት ከላይ የክፍሎቹን ዝርዝር የሚያሳይ ወፍራም ቀለማማ ሰቅ አላቸው፤ ሰቁ ከስላይዱ ቦታ ይወስዳል፣ ተማሪም አያነበውም። ከታች በቀኝ በኩል የሚታዩትን ትንንሽ ከገጽ ወደ ገጽ መሸጋገሪያ ምልክቶችም ያጥፏቸው፤ በሕይወቴ አንድ መምህር እንኳ ሲጫናቸው አላየሁም።

መልስ፦ የኪቶው ሰው

ስለ ባልደረቦችዎ አንድ ነገር ልጨምር፣ ነጭ ጋውን ያነሡት ነጥብ እውነት ነውና። ላቴክ የማይችሉት መምህር ምንጩን እንዲማሩ ማስገደድ አያስፈልግም። የቃላቱን ሠንጠረዥ ለብቻው በአንድ ፋይል አውጥተው፣ እያንዳንዱን ረድፍ ሦስት ቃል ብቻ የሚቀበል አጭር ትእዛዝ ይሥሩለት፤ ፋይሉን በኖትፓድ የሚከፍት ማንም ሰው ሦስቱን ቃላት በየቅንፋቸው ከመሙላት በቀር ስለ ላቴክ ማወቅ አይጠበቅበትም። ምሳሌዎቹንና የመልመጃ ጥያቄዎቹንም በዚሁ ዓይነት ለየብቻ ማኖር ይቻላል። ቲል ታንታው ቢመርን በ2003 የጀመረው የራሱን የዶክትሬት ገለጻ ለማዘጋጀት ነበር፤ ለአንድ ሰው የተሠራው ነገር ለብዙ ሰው እንዲሆን የሚያደርገው እንዲህ ያለው የፋይል አደረጃጀት ነው።

አፋን ኦሮሞውንም አላስቸገረኝም ብለዋል፤ ሁድሃውን (በቁቤ እንደ ነጠላ ጥቅስ የሚጻፈውን ምልክት) ግን አንድ ጊዜ ይመልከቱት። ከኪቦርዱ ላይ የሚጻፈው ቀጥ ያለው ምልክት በላቴክ ጽሑፍ ውስጥ ወደ ጎበጠው ይለወጣል። ለዓይን ያማረ ነው፤ ነገር ግን ተማሪው ቃሉን ከፒዲኤፉ ገልብጦ ሲፈልገው፣ በሞጁሉ ላይ በቀጥተኛው የተጻፈውን አያገኘውም። ሦስታችሁም መምህራን በአንዱ ተስማሙ።

ጅሬን ማዶ (ጠያቂ)

ፍራጃይሉ ሠርቷል፤ ችግሩ እንደተባለው የመዝጊያው መስመር ላይ ነበር። የቃላቱን ፋይል ለሦስታችን በሚሆን መንገድ ለይቼ እያዘጋጀሁ ነው፤ ሁድሃውን በተመለከተ አፋን ኦሮሞ ከሚያስተምሩት ባልደረባችን ጋር ተነጋግሬ በቀጥተኛው ተስማምተናል። ቴክ ላይቭን በሃርድ ዲስክ የያዘ ሰው ዋናው ግቢ አካባቢ ካለ ሰኞ ከሰዓት በኋላ መጥቼ ልገለብጥ እችላለሁ።

መልስ፦ ሄርማታ

ላቡ ውስጥ አለ፣ ይምጡ። ፍላሽዎ ከ8 ጊጋባይት ያላነሰ ይሁን፤ ኤክስፋት ካላደረጉት እዚያው እናደርገዋለን፣ በውስጡ ያለው ፋይል ግን ስለሚጠፋ አስቀድመው ሌላ ቦታ ይገልብጡት።